ስድሳ እስኪሞላ ዝም ብሎ መጠበቅ? ስለ ተጠባባቂ ጦር ጡረታ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ ተጠባባቂ ጦርና በናሽናል ጋርድ አገልግለው ጡረታቸውን ለሚጠብቁ ወገኖቻችን ምክር እንዲሆን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታው ተረጋግጧል። መጠኑም የደመወዙ ግማሽ ነው። 60 ዓመት እስኪሞላው ምንም ጥቅም ስለማያገኝ ወረቀቱን ዘግቶ ሌላ ሥራውን ይሥራ፤ ልደቱ ሲደርስ መንግሥት ገንዘቡን ባንክ ያስገባለታል። በጡረታው ላይ ልዩነት ስለማያመጣ፣ ዳግም እንዳይጠራ ዲስቻርጅ (ከጦሩ ጨርሶ መሰናበት) ቢጠይቅ ይሻለዋል። ወጪው የሚያስፈራውን የቤተሰብ ዋስትና (ሲሞት ለባለቤቱና ለልጆቹ የሚከፈለውን) ምርጫ 60 ሲሞላው ቢያደርግ ይደርሳል። የዘመተ ከሆነ ደግሞ ጡረታው በዘመተበት ጊዜ ልክ ይቀደምለታል። ካልዘመተ ቬተራን አይባልም፤ ጡረታውም ሶሻል ሴኩሪቲውን ይቀንስበታል።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አንጠራጠርም። ሆኖም ከእነዚህ ነጥቦች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ አንዳንዶቹን የተከተለ ሰው በኋላ ሊመልሰው የማይችለውን ያጣል። ስለዚህ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትተን ጉዳቱ ከሚብሰው እንጀምራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዲስቻርጅ ይሻላል ስለሚለው

ሃያ ዓመቱን ጨርሶ ከዩኒቱ የሚወጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወደ ሪታየርድ ሪዘርቭ (ጡረታቸውን የሚጠብቁ ተጠባባቂዎች ምድብ) መዛወር ወይም ከጦሩ ጨርሶ መሰናበት። ሁለቱም 60 ዓመት ሲሞላ ጡረታ ያስገኛሉ፤ ጸሐፊው ልዩነት የለም ያለውም ከዚህ ተነስቶ ይመስለናል። ልዩነቱ ግን በስሌቱ ውስጥ ነው፣ ትንሽም አይደለም።

ወደ ሪታየርድ ሪዘርቭ የተዛወረ ሰው ጡረታው የሚሰላለት፣ ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ባሉት 36 ወራት በሚሠራበት የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው። በማዕረጉ በሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ እንዳለ ተቆጥሮ የሦስቱ ዓመት አማካይ ይወሰዳል። ቤቱ ተቀምጦ የጠበቀባቸው ዓመታት የጡረታ ነጥብ ባያስገኙለትም ለደመወዝ እርከኑ ይቆጠሩለታል። የተሰናበተ ሰው ግን የሚሰላለት ከመሰናበቱ በፊት በነበሩት 36 ወራት ሰንጠረዥ ነው። በ42 ዓመቱ ዲስቻርጅ የወሰደ ሰው፣ በቀጣዮቹ 18 ዓመታት ኮንግረስ የሚያጸድቀው የደመወዝ ጭማሪ በሙሉ አይመለከተውም። ለስሌት እንዲያመች፣ ጡረታው የአማካይ ደመወዙ 15 በመቶ የሆነ ሰው እንውሰድ። ሲወጣ አማካዩ 5,000 ዶላር ነበር፤ 60 ሲሞላው የዚያው ማዕረግ አማካይ 8,000 ደርሷል እንበል። ሪታየርድ ሪዘርቭ ውስጥ የቆየው በወር 1,200 ዶላር ሲያገኝ የተሰናበተው 750 ያገኛል። የኑሮ ውድነት ማስተካከያው በየዓመቱ የሚጨመረው በዚህ መነሻ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። በዚያ ላይ የተሰናበተው ሰው የጡረተኛ ተጠባባቂ መታወቂያውንና ወደፊት የምናነሳውን የጤና መድን የመግዛት መብቱን ያጣል።

እንጠራለን የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሕጉ ጡረታ የሚጠብቅን ተጠባባቂ ያለ ፈቃዱ ለመጥራት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ኮንግረስ ጦርነት ወይም ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ማወጅ አለበት፣ በአገልግሎት ላይ ያሉት ብቁ ተጠባባቂዎችም ሳይበቁ መቅረት አለባቸው። ይህን ፈርቶ የዕድሜ ልክ ገቢን መቀነስ ማንም የሚመክረው ነገር አይደለም።

አሁን በየትኛው ምድብ እንዳለ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ አውጥቶ ያንብብ። የናሽናል ጋርድ አባላትን በተለይ የሚያደናግራቸው ኤንጂቢ ፎርም 22 ነው። ይህ ወረቀት ከክፍለ ግዛቱ ጋርድ መለየትን ስለሚመዘግብ ሁሉም ሰው የተሰናበተ ይመስለዋል። መታየት ያለበት የተዛወረበትን ክፍል የሚገልጸው ሳጥን ነው፤ ሪታየርድ ሪዘርቭ ካለ ችግር የለም። ሳይፈልግና ሳይነገረው ዲስቻርጅ የተደረገ ሰው በዲዲ ፎርም 149 ለየጦሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ማመልከት ይችላል። ስህተቱ ከታወቀበት ጊዜ አንስቶ ሦስት ዓመት ተቆርጦለታል፤ ቦርዱ በቂ ምክንያት ካየ ቀነ ገደቡን ሊያልፈው ይችላል።

የቤተሰብ ዋስትና ምርጫ 60 ሲሞላ ይደርሳል ስለሚለው

ከጽሑፉ ሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ባለቤትና ልጆች ናቸውና።

ሃያ ብቁ ዓመት የሞላ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የሃያ ዓመት ደብዳቤ የሚባለው ማሳወቂያ ሊደርሰው ይገባል። ደብዳቤው በደረሰው በ90 ቀን ውስጥ ዲዲ ፎርም 2656-5 ሞልቶ መመለስ አለበት። ፎርሙ ሦስት ምርጫ አለው። ምርጫ ኤ ውሳኔውን እስከ 60 ዓመት ያቆየዋል፤ ሰውየው ከ60 በፊት ቢሞት ግን ቤተሰቡ ከጡረታው ምንም አያገኝም። ምርጫ ቢ ሟቹ በሕይወት ቢኖር 60 ይሞላው ከነበረበት ቀን ጀምሮ ክፍያውን ያስጀምራል። ምርጫ ሲ ሰውየው በሞተ ማግስት ክፍያው እንዲጀምር ያደርጋል።

ጽሑፉ ስሙን ሳይጠራ የመከረው ምርጫ ኤ የሚባለውን ነው። ከ60 በፊት ለሚሞት ሰው ቤተሰብ ያ ማለት ባዶ እጅ መቅረት ነው። በአርባዎቹ ዕድሜ ወጥቶ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ለሚጠብቅ ሰው ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ደግነቱ ሕጉ ከጽሑፉ የተሻለ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ወዲህ ባለትዳር ወይም ጥገኛ ልጅ ያለው ሰው በ90 ቀን ውስጥ ምንም ካልመረጠ በራሱ በምርጫ ሲ ሙሉ ዋስትና ይመዘገባል። ባለትዳሩ ምርጫ ኤ ወይም ምርጫ ቢ ቢመርጥ፣ ወይም ከሙሉው ያነሰ መጠን ቢመርጥ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ መስማማት አለባት። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ፦ ባለቤት ፊርማዋን ከባል ቀድማ ታስቀምጣለች፣ ወይም ፎርሙ በሚጠይቀው ምስክር ፊት አትፈርምም። የስምምነቱ ቀን ከመራጩ ፊርማ ቀን ጋር እኩል ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት፤ ከቀደመ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

ስለ ወጪው ጽሑፉ ያስፈራራው ያህል የለም። በመጠበቂያው ዓመታት አረቦን አይከፈልም። ክፍያው የሚጀምረው ጡረታው ሲጀምር ነው፤ ለባለቤት ከተመዘገበው የጡረታ መጠን (መነሻ) 6.5 በመቶ ሲሆን፣ ምርጫ ቢ ወይም ምርጫ ሲ ለመረጠ ሰው ከ60 በፊት ለነበረው ዋስትና የሚታሰብ ጭማሪ ይታከልበታል። ጭማሪው በባልና ሚስቱ ዕድሜ ይወሰናል። ለባለቤት የሚከፈለው የመነሻው 55 በመቶ ነው። ጡረታው 1,000 ዶላር ከሆነና ሙሉው ከተመዘገበ፣ ከባል በወር 65 ዶላርና ያ ጭማሪ ይቆረጣል፤ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ 550 ዶላር ታገኛለች፣ እሱም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ያድጋል። ዕድሜው 70 ደርሶ 360 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው ከዚያ በኋላ አረቦን አይጠየቅም።

ደብዳቤው ሲደርሰው ያላገባ ሰው በኋላ ቢያገባ አንድ ዓመት አለው፤ በዚያ ጊዜ ባለቤቱን ማስመዝገብ ይችላል። ዓመቱ ካለፈ በሩ ይዘጋል። ፍቺም እንደዚሁ ነው፦ የቀድሞ ባለቤት በዋስትናው እንድትቀጥል ፍርድ ቤት ቢያዝ እንኳ ምርጫው በአንድ ዓመት ውስጥ ለጦሩ ካልተላከ የፍርድ ወረቀቱ ብቻውን ክፍያ አያስገኝም። ብዙ ሰው የፍቺ ውሳኔው ራሱ በቂ ነው ብሎ ያምናል። አይበቃም።

የደመወዝ ግማሽ ስለሚለው

ሃያን በ2.5 አባዝቶ 50 በመቶ ማለት የሙሉ ጊዜ ወታደር ስሌት ነው። የተጠባባቂው ጡረታ የሚቆጠረው በነጥብ ነው። ጠቅላላ ነጥቡ ለ360 ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር አቻ የአገልግሎት ዓመት ይባላል። እሱ በ2.5 በመቶ ይባዛል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ወዲህ ለገቡና በዚያው ዓመት ወደ አዲሱ ጥምር የጡረታ ሥርዓት ለተዛወሩ ደግሞ በ2 በመቶ።

አንድ ተራ ዓመት እንቁጠር። አንድ የአራት ሰዓት ድሪል (የዩኒት ልምምድ) አንድ ነጥብ ነው፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ አራት ይሆናል፤ በዓመት 48። የዓመት ሥልጠናው 15 ቀን ከሆነ 15 ነጥብ። በአባልነት ብቻ 15። ድምር 78። ይህን ሃያ ዓመት የደገመ ሰው 1,560 ነጥብ አለው፤ ለ360 ሲካፈል 4.33 ዓመት፣ በ2.5 ሲባዛ 10.8 በመቶ ገደማ። መሠረታዊ ሥልጠናና አንድ ዘመቻ ጨምሮ 2,160 ነጥብ ያለው ሰው ስድስት ዓመት ስለሚቆጠርለት 15 በመቶ ያገኛል። ግማሽ ደመወዝ ለማግኘት 7,200 ነጥብ ያስፈልጋል። በ50 በመቶ ተስፋ ቤት የገዛ ሰው 15 በመቶ ሲመጣለት ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልግም።

ከስሌቱ በፊት ግን ሃያው ዓመት መቆጠሩ ራሱ መረጋገጥ አለበት። ብቁ ዓመት የሚባለው ቢያንስ 50 ነጥብ የተገኘበት ነው፤ ዓመቱም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ከገባበት ቀን የሚጀምር የራሱ ዓመት አለው፤ ፌብሩዋሪ 10 የገባ ሰው ዓመቱ ፌብሩዋሪ 9 ይዘጋል። በአገልግሎቱ መካከል ክፍተት ካለ ያ ቀን ይቀየራል። 49 ነጥብ የተገኘበት ዓመት ከሃያው ውስጥ አይገባም፤ ነጥቦቹ ግን ለክፍያው ስሌት ይደመራሉ። ሌላም ገደብ አለ፦ ከድሪል፣ ከአባልነትና ከተልእኮ ትምህርት የሚገኙ ነጥቦች በዓመት ከተወሰነ መጠን አያልፉም። ከኦክቶበር 30 ቀን 2007 ወዲህ ለሚዘጋ ዓመት 130 ነው፤ ከዚያ በፊት 90፣ ቀደም ሲል 75፣ ከሴፕቴምበር 23 ቀን 1996 በፊት ደግሞ 60 ነበር። የአክቲቭ ዲዩቲ (የሙሉ ጊዜ አገልግሎት) ቀናት በዚህ አይገደቡም።

ነጥብ የሚጠፋው በብዛት ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ነው። የጋርዱ መዝገብ ኤንጂቢ ፎርም 23 ላይ ነው፤ የምድር ጦር ሪዘርቭ የራሱ መግለጫ ዲኤ ፎርም 5016 ነው፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ሁልጊዜ አይይዝም። ከዩኒት ውጭ የተሠራ ሥራም በዲኤ ፎርም 1380 ካልተመዘገበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ጡረታ የሚጠብቅ ሰው መግለጫውን ዓመት በዓመት እያየ ከዲዲ 214 (የአገልግሎት ማጠናቀቂያ ወረቀቱ)ና ከድሮ የክፍያ ወረቀቶቹ ጋር ያመሳክር። ይህን በ45 ዓመት መሥራት ቀላል ነው፤ የዩኒቱ ጸሐፊ አለ፣ ወረቀቱ አለ። በ59 ዓመት ዩኒቱ ራሱ ተበትኖ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው ሃያ የሞላው ሰው ጡረታው ተረጋግጧል ያለው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ እንዲያውም እሱ ካስቀመጠው ይልቅ ጠንካራ ነው። የሃያ ዓመት ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ ዓመታቱ በስህተት ተቆጥረው ቢገኙ እንኳ፣ ስህተቱ በራሱ በባለ መብቱ ማጭበርበር ወይም ሐሰተኛ ቃል የመጣ ካልሆነ፣ የጡረታ መብቱ አይነጠቅም። ሕጉ በግልጽ ይህን ይላል። የክፍያው መጠን ግን በትክክለኛው ነጥብ ይስተካከላል። ደብዳቤው ይህን ያህል ክብደት ስላለው ዋናው ወረቀት ይቀመጥ፤ የጠፋበት ሰው ደግሞ ቅጂውን አሁኑኑ ይጠይቅ።

የዘመተ ሁሉ ይቀደምለታል ስለሚለው

የ2008ቱ የብሔራዊ መከላከያ ፈቃድ ሕግ 60 ዓመት የሚለውን ዕድሜ ለተወሰነ አገልግሎት ዝቅ አድርጎታል። ለእያንዳንዱ 90 ቀን ሦስት ወር ይቀነሳል፤ ከ50 ዓመት በታች ግን አይወርድም። ጽሑፉ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ያልነገራቸው ገደቦች ግን ብዙ ሰው ያስቆጫሉ።

አንደኛ፣ ከጃንዋሪ 28 ቀን 2008 በኋላ የተሠራ አገልግሎት ብቻ ይቆጠራል። በ2003 ኢራቅ ወይም በ2005 አፍጋኒስታን የነበረ ሰው በዚያ ምክንያት አንድ ቀን አይቀነስለትም። ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም እንስማማለን፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ የተጻፈበት የሕግ ክፍል ይወስናል። በክፍል 12301(ዲ) ወይም በ12302 የተጠራ ይቆጠርለታል፤ በ12310 የሙሉ ጊዜ የጋርድና የሪዘርቭ ሠራተኛ የነበረ፣ እንዲሁም ድሪልና የዓመት ሥልጠና አይቆጠሩም። ክፍለ ግዛቱ በራሱ ገንዘብ የጠራውም አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ የሚቆጠረው በ90 ቀን እጥፍ ነው፤ 89 ቀን ምንም አያስገኝም፣ 179 ቀን ሦስት ወር ብቻ።

አራተኛውና የሚረሳው የበጀት ዓመቱ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 በፊት ላለ አገልግሎት 90 ቀኑ በአንድ የፌዴራል በጀት ዓመት ውስጥ መሙላት ነበረበት። ከኦገስት 1 ቀን 2009 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2010 የዘመተን ሰው እንይ። በጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ስለሚዘጋ በመጀመሪያው ዓመት 61 ቀን አለው፤ 90 ስላልደረሰ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት 304 ቀን አለው፤ ሦስት ጊዜ 90 ወጥቶለት ዘጠኝ ወር ይቀነስለታል። 365 ቀን አገልግሎ አንድ ዓመት የጠበቀው ሰው ሦስት ወር ጎደለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ላለው አገልግሎት ግን 90 ቀኑ ሁለት ተከታታይ በጀት ዓመታትን መሻገር ይችላል።

ይህን ቅናሽ ማንም ቢሮ ፈልጎ አያመጣውም። የጥሪ ትእዛዙ ከነማሻሻያው፣ የሕግ ክፍሉ በግልጽ የሚታይበት ሆኖ፣ ከዲዲ 214 ጋር መቅረብ አለበት። ቆስሎ በሕክምና ትእዛዝ የቆየ ሰው የሕክምናውን ትእዛዝም ያያይዝ፤ ያም ጊዜ ይቆጠርለታል።

እስከ 60 ምንም ጥቅም የለም ስለሚለው

በቅድሚያ የጤናው ጉዳይ። ሪታየርድ ሪዘርቭ ውስጥ ያለና ለፌዴራል ሠራተኞች የጤና መድን ብቁ ያልሆነ ሰው፣ ከ60 በታች ሆኖ ትራይኬር ሪታየርድ ሪዘርቭ የሚባለውን የጦሩን የጤና መድን መግዛት ይችላል። ርካሽ አይደለም፤ መንግሥት ስለማይደጉመው በ2024 ለአንድ ሰው በወር ከ580 ዶላር፣ ለቤተሰብ ከ1,400 ዶላር በላይ ነበር። አሠሪው መድን ለሚሰጠው ላይጠቅም ይችላል፤ በራሱ ሥራ ለሚተዳደርና ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ቤተሰብ ግን ከገበያው ጋር አወዳድሮ ማየት ተገቢ ነው።

60 ሲሞላ በዝቅተኛ ክፍያ ወደሚሠራው ትራይኬር ፕራይም ወይም ሴሌክት መግባት ይቻላል፤ ምዝገባው ግን በራሱ አይፈጸምም፣ ከልደት ቀን ጀምሮ 90 ቀን አለው። እዚህ ላይ ዕድሜያቸው የተቀነሰላቸው ሰዎች ይሳሳታሉ፦ ጡረታው በ58 ቢጀምርም ይህ ትራይኬር የሚጀምረው በ60 ነው። በ65 ዓመት ደግሞ የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ክፍል ኤና ክፍል ቢ የያዘ ሰው ትራይኬር ፎር ላይፍን ያገኛል፤ ክፍል ቢ ያልገዛ ያጣዋል።

የቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ከ60 ዓመት ጋርም አይገናኝም። በአገልግሎት የደረሰ ጉዳት ካሳ ዛሬውኑ ሊጠየቅ ይችላል። በድሪል ላይ የደረሰ የአካል ጉዳትም ይካተታል፤ በድሪል ወቅት የያዘ በሽታ ግን፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ከልብ መቆምና ከስትሮክ በቀር፣ አይካተትም። ስለዚህ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን የሚያሳየው የምርመራ ወረቀት ወሳኝ ነው። በሪዘርቭ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው የቪኤ የቤት ብድር ዋስትናም አለው። ጡረታው ሲጀምር የቪኤ ካሳው ደረጃ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ፣ ከጡረታው ላይ የካሳው ያህል ይቀነሳል፤ ካሳው ከግብር ነጻ ስለሆነ በጠቅላላው አይጎዳም። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይቀበላል።

የቀሩትን በአጭሩ። በጡረተኛ ተጠባባቂ መታወቂያ ኮሚሳሪና ኤክስቼንጅ ከሚባሉት የጦር ሰፈር መደብሮች መገብየት ይቻላል። በፌዴራሉ ፕሮግራም የጥርስ መድን መግዛት ይቻላል። በቪኤ ብሔራዊ መካነ መቃብር የመቀበር መብት 60 አይጠብቅም። የአገልግሎት ሕይወት መድኑ ከወጡ በኋላ 120 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ወደ ቪጂኤልአይ (የቀድሞ ወታደሮች የሕይወት መድን) ለመቀየር አንድ ዓመት ከ120 ቀን አለ፣ የጤና ጥያቄ ሳይቀርብ ግን በመጀመሪያዎቹ 240 ቀናት ብቻ። ጸሐፊው ካልዘመቱ ቬተራን አትባሉም ማለቱም ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ሃያ ዓመት የሞላው ተጠባባቂ በሕግ በክብር ቬተራን ይባላል፣ ምንም እንኳ ስሙ ብቻውን አዲስ የቪኤ ጥቅም ባያመጣም። የጦር ጡረታ ሶሻል ሴኩሪቲን ይቀንሳል የሚለውም ልክ አይደለም።

መንግሥት ራሱ ያስገባል ስለሚለው

አያስገባም። ያልጠየቀ አይከፈለውም።

ማመልከቻው የሚላከው ለገንዘብ ከፋዩ ለዲፋስ ሳይሆን ለየጦሩ የሰው ኃይል ቢሮ ነው፦ ለምድር ጦርና ለምድር ጦር ጋርድ ፎርት ኖክስ ኬንታኪ፣ ለአየር ኃይል ኮሎራዶ ባክሊ ያለው የሪዘርቭ ማእከል፣ ለባሕር ኃይል ሚሊንግተን ቴነሲ፣ ለማሪን ኳንቲኮ ቨርጂኒያ። ኮስት ጋርድ በቶፒካ ካንሳስ ራሱ ይከፍላል። ምድር ጦሩ ማመልከቻውን ክፍያው ከሚጀምርበት ቀን ዘጠኝ ወር ቀድሞ መቀበል ይጀምራል፤ ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው እንዲደርስ ይጠይቃል። በመጨረሻው ሳምንት የላከ ሰው ገንዘቡን አያጣም፣ ግን ወራት ይጠብቃል።

በጥቅሉ ውስጥ የሚገቡት ዲዲ ፎርም 108፣ ዲዲ ፎርም 2656፣ የሃያ ዓመት ደብዳቤው፣ ቀድሞ የተሞላው ዲዲ ፎርም 2656-5 ቅጂ፣ የነጥብ መግለጫው፣ ዲዲ 214ዎቹ፣ የጋርድ አባል ከሆነ ኤንጂቢ 22ና 23፣ ወደ ሪታየርድ ሪዘርቭ ያዛወረው ትእዛዝ፣ የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም የሞት ማስረጃ ናቸው። ማመልከቻን በብዛት የሚያዘገየው ያልተፈረመ ገጽ፣ የተሳሳተ የባንክ ቁጥርና ከላይ ያነሳነው የባለቤት ፊርማ ነው። 2656ቱ ጡረታው ከሚጀምርበት ቀን በፊት መፈረም አለበት።

የእኛ ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው፣ በዚህ ላይ ጽሑፉ ዝም ማለቱ አሳዝኖናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጠ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ካልቀረበ ዲርስ የሚባለው የቤተሰብ መዝገብ አይቀበለውም። ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያሳየው የጋብቻው ወረቀት ብቻ ነው፤ በአንዱ ሰነድ የአባት በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ከገባ መዝገቡ ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። የልደት ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይቀየር ከገባ፣ ወይም ሲቀየር ሰባትና ስምንት ዓመቱ ከተምታታ፣ የጦሩ መዝገብና የዜግነት ወረቀቱ አይገናኙም። 60 የሚሞላበት ቀን የሚወሰነው በዚያ መዝገብ ስለሆነ ማስተካከሉ ከማመልከቻው ዓመታት ቀድሞ መጀመር አለበት። አድራሻ ሲቀየር፣ ሲያገቡ፣ ልጅ ሲወለድ፣ በዲርስም በየጦሩ ቢሮም ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም። የወረቀቶቹን ቅጂና የሚደወልበትን ቢሮ ባለቤት ታውቀው፤ ባል ከ60 በፊት ቢሞት እሷ የምትሞላው ዲዲ ፎርም 2656-7ን ነው፤ እሱንም መጠየቅ ያለባት ራሷ ናት።

60 አልፏቸው ጽሑፉን አምነው ዝም ብለው የሚጠብቁ ካሉ ዛሬውኑ ያመልክቱ። ያለፈው ክፍያ ወደኋላ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ነገር ግን ውዝፍ የሚጠየቀው ለስድስት ዓመት ብቻ ነው። 67 ዓመት ሲሞላው ያመለከተ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት አጥቷል፤ ከዚያ በኋላ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ወር ደግሞ አንድ ተጨማሪ የወር ክፍያ የማይጠየቅ ይሆንበታል።